የስኮፕ ሬቲክል፦ ለረጅም ርቀት ዒላማ ተኩስ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይሠራበታል?

100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት አንድ ቦታ የሚያሳርፍ ሰው፣ 500 ሜትር ላይ ያለውን የብረት ዒላማ ሲስት ብዙ ጊዜ አያለሁ። መጀመሪያ ጥይቱን ይጠረጥራል። ቀጥሎ ጠብመንጃውን። በመጨረሻ ሌላ ውድ ስኮፕ (ጠብመንጃ ላይ የሚታሰር ማነጣጠሪያ መነፅር) ለመግዛት ይነሳል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ፊት ነው። በስኮፑ ውስጥ ያሉትን መስመሮች እንደ መስቀል ብቻ ነው የሚያያቸው። መሃሉን ዒላማው ላይ ያደርጋል፣ ይተኩሳል፣ ሲስት ደግሞ "ትንሽ ወደ ላይ" ብሎ ይገምታል።

እነዚህ መስመሮች ሬቲክል ይባላሉ። ሬቲክል ማስመሪያ ነው። የጥይቱን መውረድ ትለኩበታላችሁ። ንፋሱን ትለኩበታላችሁ። ርቀት ትለኩበታላችሁ። የሳታችሁትን ጥይት ሳይቀር ትለኩበታላችሁ። ከታች ያለው ሁሉ ይህን ማስመሪያ መምረጥ፣ ቀጥ አድርጎ ማሰር፣ ትክክል መሆኑን መፈተሽ እና ማንበብ ነው። ደረጃዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚቆሙ አትዝለሏቸው።

መመሪያው የተጻፈው ፈቃድ ባለው የተኩስ ሜዳ ላይ በወረቀትና በብረት ዒላማ ለሚለማመዱ ሰዎች ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ሁለት ትንንሽ ውሃ ልኮች
- ቱንቢ፣ ወይም ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር
- ረጅም ሜትር ወይም የሌዘር ርቀት መለኪያ
- የብሎን ማጥበቂያ ኃይልን የሚቆጣጠር ቶርክ መፍቻ
- ቁመቱ ከ120 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ካርቶንና ወፍራም ማርከር
- ደብተርና እርሳስ
- ከፊትና ከኋላ የሚደገፍበት የአሸዋ ከረጢት
- አንድ ዓይነት ጥይት፣ የሚቻል ከሆነ ከአንድ የምርት ቁጥር

የመጨረሻውን አቅልላችሁ አትዩት። ዛሬ በአንድ ጥይት ዜሮ አድርጋችሁ (ጥይቱ በአንድ በታወቀ ርቀት የሬቲክሉ መሃል ያለበትን እንዲመታ አስተካክላችሁ) ነገ በሌላ ብትተኩሱ የሠራችሁት ልኬት ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጥንቃቄ፦ ስኮፕ ስታስሩም ሆነ ስታስተካክሉ ካዝናውን አውጡ፣ ቦልቱን ክፈቱ፣ የጥይት መጉረሻውን በዓይንም በጣትም ፈትሹ። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው አቅጣጫ ይሁን። የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጉ። ከዒላማው ጀርባ ጥይቱን የሚያስቀር ጉብታ ከሌለ አትተኩሱ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠብመንጃ ላይ የታሰረ ስኮፕ የማያ መነፅር አይደለም። "ማን ነው እዚያ ያለው?" ብላችሁ በስኮፕ አታጣሩ። ለዚያ ሌላ መነፅር ያዙ።

## ደረጃ 1፦ መለኪያውን ለዩ

ሬቲክሎች የሚለኩት በማዕዘን ነው። የተለመዱት መለኪያዎች ሁለት ናቸው።

ሚል፦ 1 ሚል በ100 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በ500 ሜትር 50 ሴንቲ ሜትር፣ በ1,000 ሜትር ደግሞ 1 ሜትር ይሆናል። አብዛኛው የሚል ስኮፕ በአንድ ክሊክ፣ ማለትም ማስተካከያ መዞሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር፣ 0.1 ሚል ይንቀሳቀሳል። ይህም በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ኤምኦኤ፦ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው። 1 ኤምኦኤ በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር፣ በ500 ሜትር 14.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የተለመደው ክሊክ ሩብ ኤምኦኤ ሲሆን በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

1 ሚል 3.44 ኤምኦኤ ያህል ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ርቀትን በሜትር የምታስቡ ከሆነ ግን ሚል ሂሳቡን ያቀልላችኋል።

አሁን ስኮፑን አንስታችሁ ሁለት ነገር አንብቡ። ሬቲክሉ በምን ይለካል? ከላይና ከጎን ያሉት መዞሪያዎችስ ላይ ምን ተጽፏል? ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ሬቲክሉ በሚል፣ መዞሪያው በኤምኦኤ የሆኑ ስኮፖች አሉ። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ያጣሁት በዚህ ነው። 500 ሜትር ላይ ጥይቱ 1.2 ሚል ዝቅ ብሎ ሲመታ አየሁ፣ መዞሪያውን 1.2 አዞርኩ። ማስተካከል የነበረብኝ 60 ሴንቲ ሜትር ነበር። መዞሪያው ያንቀሳቀሰው 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሣጥን ሙሉ ጥይት ከጨረስኩ በኋላ ነው መዞሪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበብኩት።

የተዘበራረቀ ስኮፕ ካላችሁ መሸጥ ግድ አይደለም። አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ በሬቲክሉ የለካችሁትን በሬቲክሉ ብቻ አርሙ፣ መዞሪያውን ለዜሮ ብቻ ተጠቀሙበት።

## ደረጃ 2፦ ሬቲክሉን ምረጡ

### የፊት ወይስ የኋላ ትኩረት?

ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ብዙ ሰው ግን መስመሮቹ ማማራቸውን ነው የሚያየው።

ሬቲክሉ በፊተኛው የትኩረት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ማጉሊያውን ስታዞሩ መስመሮቹ ከዒላማው ጋር አብረው ያድጋሉ፣ አብረው ያንሳሉ። ስለዚህ 1 ሚል በየትኛውም ማጉሊያ 1 ሚል ነው።

በኋለኛው ላይ ከሆነ መስመሮቹ መጠናቸው አይለወጥም፣ የሚያድገው ዒላማው ብቻ ነው። ስለዚህ ልኬቱ ትክክል የሚሆነው በአንድ ማጉሊያ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በከፍተኛው። ከ6 እስከ 24 እጥፍ የሚያጎላ ስኮፕ እንውሰድ። በ24 ላይ 1 ሚል የሆነው ምልክት በ12 ላይ 2 ሚል ይሆናል። 3.1 ሚል የሚያስፈልገውን ዒላማ በ12 ማጉሊያ ላይ 3.1 ብላችሁ ብትይዙ፣ ማለትም የ3.1ን ምልክት ዒላማው ላይ ብታደርጉ፣ የያዛችሁት 6.2 ነው። 500 ሜትር ላይ ጥይቱ ከዒላማው በአንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ያልፋል። ያለ ጥፋቱ ስኮፑን ትረግሙታላችሁ።

ርቀቱ የሚለዋወጥ ዒላማ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የፊቱን ምረጡ። በአንድ የታወቀ ርቀት ላይ ወረቀት ብቻ የምትተኩሱ ከሆነ የኋላው ይበቃል። ቀጭን መስመር ስለሚሰጥ እንዲያውም ይመቻል።

### የመስመሮቹ ዓይነት

ቀላል መስቀል፦ ጫፉ ወፍራም፣ መሃሉ ቀጭን ነው። መለኪያ ምልክት ስለሌለው ለረጅም ርቀት አትምረጡት።

ሚል-ዶት፦ በየ1 ሚሉ ነጥብ አለው። ይሠራል። ግን በሁለት ነጥቦች መካከል 0.3 ወይም 0.7 ለማንበብ ዓይን መለማመድ አለበት።

ባለሰረዝ፦ በየ0.5 ወይም በየ0.2 ሚሉ ትንሽ ሰረዝ አለው። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፣ በተለይ ባለ 0.2ውን። አንድ አስረኛ ሚል ሳትጨነቁ ታነባላችሁ።

ዛፍ መሳይ፦ ከመሃል በታች በየሚሉ ወደ ጎን የሚሰፉ የነጥብ ረድፎች አሉት። ከፍታውንም ንፋሱንም መዞሪያ ሳትነኩ ትይዙበታላችሁ። ችግሩ መጨናነቅ ነው። ዛፉ ጥቅጥቅ ካለ የጥይቱን ማረፊያ አቧራ ይሸፍንባችኋል።

የርቀት ምልክት ያለው፦ በምልክቶቹ ላይ 300፣ 400፣ 500 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። ያ ቁጥር የሚሠራው ስኮፑ ለታሰበለት ጥይት፣ ፍጥነትና አየር ብቻ ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባህር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ጥይቱ ያነሰ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሬቲክል ካላችሁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። እያንዳንዱ ምልክት ስንት ሚል ወይም ኤምኦኤ እንደሆነ ከመመሪያ ወረቀቱ አውጡና እንደ ተራ ማስመሪያ ተጠቀሙበት።

### ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዓይናችሁ ይፈትን

1. ማጉሊያውን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። መሃሉ ይታያችኋል? የፊት ትኩረት ሬቲክል እዚህ ላይ እንደ ጸጉር ይቀጥናል።
2. ከፍተኛው ላይ አድርጉ። መስመሩ ዒላማውን ይሸፍናል? 0.04 ሚል ውፍረት ያለው መስመር በ1,000 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ ጥሩ ነው። 0.1 ሚል ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለትንሽ ዒላማ ይበዛል።
3. ጥቁር ነገር ላይ አነጣጥሩ። መስመሮቹ ጠፉ? መብራት ያለው ሬቲክል የሚጠቅመው እዚህ ነው። መብራቱ ግን በጣም ወደ ታች የሚቀነስ ይሁን፣ አለበለዚያ ሲመሽ ዒላማውን ያደበዝዘዋል።
4. ከመሃል በታች ስንት ሚል ምልክት አለ? 10 ካለ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

## ደረጃ 3፦ ስኮፑን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ

ሬቲክሉ ከተጋደለ ማስመሪያው ተጋደለ። 3 ዲግሪ መጋደልን ዓይን በቀላሉ አይለየውም። ነገር ግን 600 ሜትር ላይ 4.2 ሚል ስትይዙ ጥይቱን 13 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይወስደዋል። ንፋስ ነው ብላችሁ ስታርሙ ትውላላችሁ።

1. ጠብመንጃው ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጡ። በከረጢት ላይ አስቀምጡት።
2. አንዱን ውሃ ልክ የጠብመንጃው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርጉና ጠብመንጃውን አስተካክሉ።
3. ስኮፑን በቀለበቶቹ ላይ አስቀምጡ። ብሎኖቹን ስኮፑ በእጅ እስኪዞር ድረስ ብቻ አላልታችሁ እሰሩ።
4. ማጉሊያውን ከፍተኛው ላይ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉና ዓይናችሁን ግለጡ። ዳር ላይ ጥቁር ጥላ ከታየ ስኮፑን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንሸራትቱ። ምስሉ ሙሉ ክብ እስኪሆን ድረስ ቀጥሉ።
5. ቱንቢውን ነፋስ በማያገኝበት ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ስቀሉ። የሬቲክሉ ቋሚ መስመር በክሩ ላይ እስኪተኛ ድረስ ስኮፑን አዙሩ። ጠብመንጃው ላይ ያለው ውሃ ልክ እንዳልተነቃነቀ ተመልከቱ።
6. ብሎኖቹን በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በመስቀል አቅጣጫ አጥብቁ። የመጨረሻው ጥብቀት የቀለበቱ አምራች የጻፈው ይሁን።
7. ቱንቢውን እንደገና እዩ። ብሎን ሲጠብቅ ስኮፑን አብሮ ያዞረዋል። ከዞረ ፍቱትና ከተራ ቁጥር 5 ጀምሩ።
8. ሁለተኛውን ውሃ ልክ ስኮፑ ላይ እሰሩና ከሬቲክሉ ጋር አስተካክሉት። ስትተኩሱ የምታዩት ይህንን ነው።

## ደረጃ 4፦ ዓይንና ፓራላክስ

ሁለት የተለያዩ ማስተካከያዎች ናቸው፣ አታምታቷቸው።

ዓይናችሁ አጠገብ ያለው ዳያፕተር የሚባለው ቀለበት ሬቲክሉን ያጠራል። ስኮፑን ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ክፍት ሰማይ አዙሩ። ወደ ፀሐይ በፍጹም አታዙሩ፣ ዓይን ያጠፋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ እዩ፣ ዞር በሉ፣ ቀለበቱን ትንሽ አዙሩ፣ እንደገና እዩ። ረጅም ጊዜ ካፈጠጣችሁ ዓይናችሁ ራሱ ያስተካክለውና ቀለበቱ ልክ የሆነ ይመስላችኋል። መስመሮቹ ባያችሁ ቅጽበት ከጠሩ ቀለበቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ አትንኩት።

ፓራላክስ፣ ማለትም ዓይን ሲንቀሳቀስ ሬቲክሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት መምሰሉ፣ ግን በየርቀቱ ይስተካከላል። ጠብመንጃውን ሳትነኩ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። ሬቲክሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ የጎኑን ወይም የፊቱን ማስተካከያ እስኪቆም ድረስ አዙሩ። ማስተካከያው ላይ የተጻፈው የሜትር ቁጥር መነሻ ብቻ ነው፤ የሚታመነው የሬቲክሉ መቆም ነው።

## ደረጃ 5፦ ዜሮ አድርጉ

1. በ25 ሜትር ጀምሩ። ቦልቱን አውጡ፣ ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ቀዳዳ ዒላማውን መሃል አድርጋችሁ እዩ፣ ጠብመንጃውን ሳታንቀሳቅሱ ሬቲክሉን ወደዚያው አምጡ።
2. ቦልቱን መልሱ። በ25 ሜትር አንድ ጥይት ተኩሱ። ወረቀቱ ላይ ካረፈ ወደ 100 ሜትር ሂዱ።
3. በ100 ሜትር አምስት ጥይት በእርጋታ ተኩሱ። በእያንዳንዱ ጥይት መካከል መዞሪያ አትንኩ።
4. የአምስቱን መሃል ፈልጉ። በሬቲክሉ ለኩት። ከነጥባችሁ 0.7 ሚል ዝቅ፣ 0.3 ሚል ወደ ቀኝ ከሆነ መዞሪያውን 0.7 ወደ ላይ፣ 0.3 ወደ ግራ አዙሩ። ሴንቲ ሜትር አያስፈልግም።
5. ሌላ አምስት ተኩሱ። ከ0.1 ሚል በታች ከቀረ ጨርሳችኋል።
6. የመዞሪያውን ቁጥር ዜሮ ላይ አድርጋችሁ አጥብቁ። ዜሮ ላይ የሚያቆም መቆለፊያ ካለው ቆልፉት።

አምስቱ ጥይት ተበታትነው ካረፉ መዞሪያ አትንኩ። መጀመሪያ ብሎኖቹን፣ ከዚያ ድጋፋችሁን፣ ከዚያ ምላጭ አሳሳባችሁን ፈትሹ። የተበታተነ ተኩስ ዜሮ አይደረግም።

## ደረጃ 6፦ ማስመሪያው እውነት ይናገራል?

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሥሩት፣ ለዓመታት ያገለግላችኋል።

1. ከስኮፑ እስከ ዒላማው በትክክል 100 ሜትር ለኩ። በእርምጃ አይሆንም።
2. ካርቶኑ ላይ በቱንቢ እየተመራችሁ ቀጥ ያለ የ1 ሜትር መስመር አስምሩ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ታች አንድ ማነጣጠሪያ ነጥብ ሥሩ።
3. ሬቲክሉን ፈትሹ፦ ባዶውን ጠብመንጃ በከረጢት ላይ አጽኑና መሃሉን ነጥቡ ላይ አድርጉ። 5ኛው የሚል ምልክት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ መድረስ አለበት። የኋላ ትኩረት ስኮፕ ከሆነ ይህን ያደረጋችሁበትን ማጉሊያ ጻፉ። ልኬቱ ትክክል የሚሆንበት ቦታ ቀለበቱ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ሊለይ ስለሚችል፣ ምልክቱ ልክ እስኪሆን ማጉሊያውን አንቀሳቅሱና እዚያ ላይ ማርከር ነካ አድርጉበት።
4. መዞሪያውን ፈትሹ፦ ታችኛው ነጥብ ላይ እያነጣጠራችሁ ሦስት ጥይት ተኩሱ። መዞሪያውን 10 ሚል ወደ ላይ አዙሩ። እዚያው ታችኛው ነጥብ ላይ እያነጣጠራችሁ ሦስት ተኩሱ። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት 100 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።
5. ወደ ዜሮ መልሱና ሦስት ድገሙ። ከመጀመሪያዎቹ ጋር ካልገጠሙ ስኮፑ አይመለስም ማለት ነው። ያ ስኮፕ ይጠገን ወይም ይቀየር፣ በልምምድ አይስተካከልም።

97 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሄደ አትደንግጡ። በተፈለገው ልክ አይሄድም ማለት ነው፣ ግን በእኩል ይሄዳል። የሚያስፈልገውን ቁጥር ለ0.97 አካፍሉ። 4.2 ሲያስፈልግ 4.3 ታዞራላችሁ። ጥይቶቹ ከቋሚው መስመር ወደ አንድ ጎን እየሸሹ ከወጡ ግን ስኮፑ ተጋድሏል፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

## ደረጃ 7፦ ካርዳችሁን ሥሩ

ሬቲክሉ ያለ ቁጥር አይናገርም። ጥይታችሁ በየርቀቱ ስንት ሚል እንደሚወርድ የሚያሳይ ካርድ ያስፈልጋችኋል። በስልክ ላይ ያሉ የባሊስቲክ ማስያዎች ያወጡላችኋል። የምታስገቡት የጥይቱ ፍጥነት፣ የአረሩ ባሊስቲክ ቁጥር (አረሩ የአየርን መጎተት ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ)፣ የስኮፑ መሃል ከአፈሙዝ መስመር ያለው ከፍታ፣ የዜሮ ርቀት፣ ሙቀትና የአየር ግፊት ነው።

ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ሰው ይጥላሉ።

ፍጥነት፦ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት የእናንተ ጠብመንጃ ፍጥነት አይደለም። በፍጥነት መለኪያ ለኩ፣ ወይም ከሚለካ ሰው ጋር ተኩሱ።

ጂ1 እና ጂ7፦ እነዚህ የአየር መጎተት የሚሰላባቸው ሁለት መለኪያ የአረር ቅርጾች ናቸው። ስለዚህ ለአንድ አረር ሁለት የተለያዩ ባሊስቲክ ቁጥሮች ሊጻፉ ይችላሉ። የጂ1ን ቁጥር ጂ7 በሚለው ሳጥን ውስጥ ካስገባችሁ ካርዱ ከሩቅ ርቀት ጀምሮ ውሸት ነው።

የአየር ግፊት፦ የአየር ትንበያ የሚነግራችሁ ግፊት ወደ ባህር ወለል ተሰልቶ የተስተካከለ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ሆናችሁ እሱን እንደ ቦታው ግፊት ብታስገቡ ማስያው ባህር ዳርቻ ያላችሁ ይመስለዋል። ወይ ቦታው ላይ የተለካውን ግፊት አስገቡ፣ ወይ ከፍታውን ብቻ።

ከዚህ በታች የምጠቀመው ካርድ ለምሳሌ ብቻ ነው፣ ዜሮው በ100 ሜትር ነው፦

- 300 ሜትር፦ 1.3 ሚል፣ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር በሰከንድ የጎን ንፋስ 0.1
- 400 ሜትር፦ 2.2 ሚል፣ ንፋስ 0.15
- 500 ሜትር፦ 3.1 ሚል፣ ንፋስ 0.2
- 600 ሜትር፦ 4.2 ሚል፣ ንፋስ 0.25

የእናንተን ሥሩና በተኩስ አረጋግጡ። 600 ላይ ካርዱ 4.2 ቢልና ጥይታችሁ ደጋግሞ በ4.4 የሚመታ ከሆነ የእውነት ቁጥር 4.4 ነው። ካርዱ እስኪገጥም ማስያው ውስጥ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሱ።

## ደረጃ 8፦ ርቀት መለካት

የሌዘር መለኪያ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ሬቲክሉ ሌዘሩ ሲያቅተው የሚያድናችሁ ነው። ቀመሩ ይህ ነው፦

የዒላማው መጠን በሴንቲ ሜትር × 10 ÷ የተነበበው ሚል = ርቀት በሜትር

40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት 0.8 ሚል ከሞላ 400 ÷ 0.8 = 500 ሜትር ነው።

አሁን አደጋውን እዩ። 0.8ን 0.7 ብላችሁ ብታነቡ 571 ሜትር ይወጣላችኋል። በካርዱ መሠረት 3.9 ሚል ትይዛላችሁ፣ ከሚገባው 0.8 የበለጠ። ጥይቱ ከብረቱ መሃል በ40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። በአንድ አስረኛ ስህተት ብቻ!

ስለዚህ ትልቁን ነገር ለኩ። ብረቱ የተሰቀለበት ቋሚ ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ካወቃችሁ 500 ሜትር ላይ 3.6 ሚል ነው። 3.5 ብላችሁ ብትስቱ 514 ሜትር ይወጣል፣ ስህተቱ 14 ሜትር ብቻ ነው። ስትለኩ መስመሩን ከዒላማው ጠርዝ ጋር ግጠሙ እንጂ ከመሃል አትጀምሩ። ሦስት ጊዜ ለኩ። ጠብመንጃው በከረጢት ላይ ካልጸና አትለኩ።

## ደረጃ 9፦ በሬቲክል መያዝ ወይስ መዞሪያ ማዞር?

ጊዜ ካላችሁና ዒላማው አንድ ከሆነ ከፍታውን በመዞሪያ አድርጉ። መሃሉን ዒላማው ላይ ማድረግ ለዓይን ይቀላል። ርቀታቸው የሚለያይ ብዙ ዒላማዎች ካሉ በሬቲክሉ ያዙ። ንፋሱን ግን ሁልጊዜ በሬቲክሉ ያዙት። ንፋስ ከመዞሪያ ይፈጥናል።

በሬቲክል ስትይዙ አቅጣጫው ያምታታል። እንዲህ አስታውሱት፦

- ለርቀት ከመሃል በታች ያለውን ምልክት ዒላማው ላይ አድርጉ። 500 ሜትር ከሆነ 3.1 ላይ።
- ንፋሱ ከግራ ከመጣ በስተቀኝ ያለውን ምልክት ዒላማው ላይ አድርጉ። ከቀኝ ከመጣ የግራውን።

ማለትም ዒላማው ላይ የሚውለው ምልክት ጥይቱ ወደሚሄድበት በኩል ያለው ነው።

ጥንቃቄ፦ መዞሪያ ካዞራችሁ በኋላ ዜሮ ላይ ሳትመልሱ ለቀጣዩ ዒላማ በሬቲክል ብትይዙ ከፍታውን ሁለት ጊዜ ትጨምራላችሁ። እያንዳንዱ ዒላማ ሲያልቅ መዞሪያውን በጣት እየነካችሁ ወደ ዜሮ መልሱ። አንድ ሙሉ ዙር ተሳስቶ የቆመ መዞሪያም ዜሮ ላይ ያለ ይመስላል፣ ስለዚህ ከቁጥሩ በታች ያሉትን የዙር መስመሮች ቁጠሩ።

## ደረጃ 10፦ ንፋሱን ወደ ሚል ቀይሩት

1. ፍጥነቱን ገምቱ ወይም በመለኪያ ለኩ።
2. አቅጣጫውን አስሉ። ከጎን ቀጥ ብሎ ከመጣ ሙሉ ነው። ከተኩስ መስመሩ 45 ዲግሪ ከሆነ በ0.7 አባዙ። 30 ዲግሪ ከሆነ ግማሽ። ከፊት ወይም ከኋላ ቀጥ ብሎ ከመጣ ለጎን ምንም አትያዙ።
3. በካርዱ ቁጥር አባዙ። 500 ሜትር፣ 4 ሜትር በሰከንድ፣ 30 ዲግሪ፦ 4 × 0.2 × 0.5 = 0.4 ሚል።

እናንተ አጠገብ ያለው ንፋስ ዒላማው አጠገብ ካለው ሊለይ ይችላል። በመካከል ያለውን ሣር፣ ባንዲራና አቧራ እዩ። ፀሐይ ሲኖር ደግሞ በስኮፑ ውስጥ አየሩ ሲርገበገብ ታያላችሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ የጎን ንፋስ የለም ማለት ይቻላል። ወደ አንድ ጎን ከተኛና ከፈሰሰ ንፋሱ ወደዚያ ነው። ንፋሱ የሚለዋወጥ ከሆነ አንዱን ሁኔታ መርጣችሁ እሱ እስኪመለስ ጠብቁ። እያንዳንዱን ለውጥ አትከተሉ።

## ደረጃ 11፦ ስትስቱ በሬቲክሉ አርሙ

መመሪያውን የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

1. ምላጩን ከሳባችሁ በኋላ ዓይናችሁን ከስኮፑ አታንሱ። ጠብመንጃው ሲራገጥ ምስሉ ከጠፋባችሁ ማጉሊያውን ቀንሱ፤ የፊት ትኩረት ከሆነ ልኬቱ አይለወጥም።
2. መሃሉን ዒላማው ላይ አድርጋችሁ ከተኮሳችሁ፣ ጥይቱ ያረፈበት ቦታ በሬቲክሉ ላይ የት እንደሆነ አንብቡ። 0.6 ወደ ቀኝ፣ 0.3 ዝቅ ብሎ ከሆነ ያንኑ ነጥብ ዒላማው ላይ አድርጉና ድገሙ። ሂሳብ የለም።
3. ቀድሞ በሬቲክል ይዛችሁ ከነበረም እንደዚያው ነው፦ ጥይቱን ያያችሁበት የሬቲክል ነጥብ አዲሱ መያዣችሁ ነው።
4. ከመርሳታችሁ በፊት ጻፉት።

ይህ የሚሠራው ማረፊያውን በዒላማው ልክ ስታዩት ብቻ ነው። ጥይቱ ከብረቱ በላይ አልፎ ጀርባው ያለውን መሬት ከመታ፣ ያያችሁት አቧራ ከፍታውን በትክክል አያሳይም። የጎኑን ውሰዱ፣ ለከፍታው ግን ግማሽ ዒላማ ያህል ብቻ ዝቅ በሉ። አቧራውን ንፋስ ስለሚወስደው የምታነቡት በተነሳበት ቅጽበት ነው።

## ነገሩ አልሄድ ሲል

ሁሉም ጥይት በየርቀቱ እየጨመረ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፦ ንፋስ ከሌለ ሬቲክሉ ተጋድሏል። ውሃ ልኩን እዩ።

ቅርብ ልክ ነው፣ ሩቅ ሁሉም ዝቅ ይላል፦ ማስያው ውስጥ ያለው ፍጥነት በዝቷል ወይም ጂ1ና ጂ7 ተምታተዋል።

በሬቲክል ስትይዙ ትስታላችሁ፣ መዞሪያ ስታዞሩ ትመታላችሁ፦ የኋላ ትኩረት ስኮፕ ነው፣ ማጉሊያው ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም።

ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ተበተነ፦ መጀመሪያ ፓራላክሱን፣ ከዚያ የቀለበት ብሎኖቹን ፈትሹ። ስኮፑ በቀለበቱ ውስጥ ወደ ፊት መንሸራተቱን ለማወቅ ጠርዙ ላይ ቀጭን የማርከር መስመር አድርጉ።

ሽቅብ ወይም ቁልቁል ስትተኩሱ ጥይቱ ከፍ ይላል፦ 30 ዲግሪ ከሆነ የሌዘሩን ርቀት በ0.87፣ 20 ዲግሪ ከሆነ በ0.94 አባዙና የዚያን ርቀት ሚል ያዙ።

ከአምስት ጥይት በኋላም የት እንደሚያርፍ ካላያችሁ አቁሙ። ወደ 100 ሜትር ተመለሱና ዜሮውን በሦስት ጥይት አረጋግጡ። ዜሮው ልክ ከሆነ 300 ላይ፣ ቀጥሎ 400 ላይ ተኩሱ። ስህተቱ የጀመረበትን ርቀት ደብተራችሁ ላይ ጻፉና ከዚያ ርቀት ጀምራችሁ ካርዱን አርሙ።